ቆራጩን ማን ያስቁመው? ከኮምቦልቻ የቆዳ ድራም እስከ አክስቴ የግፊት ክኒን

አረፋ ካለፈ በሦስተኛው ቀን ደሴ ሆጤ አካባቢ ከአንድ የቆሻሻ ክምር አጠገብ የበግ ሌጦ ተጥሎ አየሁ። ድሮ ቢሆን ይህ የሚታሰብ አልነበረም። በጉ ተገፎ ሳያልቅ "ሌጦ አለ ወይ?" የሚል ልጅ ማዳበሪያ ከረጢቱን በትከሻው አንግቦ በር ላይ ይቆም ነበር፤ ከሌጦው የሚገኘው ገንዘብም ለቤቱ ልጆች ይሰጥ ነበር። አሁን ዋጋው ከመርከሱ የተነሳ የሚሸከመው ጠፍቶ መንገድ ዳር ይቀራል።

በጫማዬ ጫፍ ገፋ አደረግሁት። ከጎኑ መዳፍ የሚያህል ጸጉር ከነሥሩ ተንሸራቶ ወረደ፤ ከሥሩ የታየው ቆዳ ነጭና ልሙጥ ነው። ምላጭ አልነካውም፣ ኖራ አላየም። ዕድሜውን በቆዳ ሥራ የጨረሰው አጎቴ እንዲህ ያለውን ሌጦ "ለቋል" ይለዋል። በእሱ አፍ ይህ የሞት ፍርድ ነው፤ ጸጉሩን የለቀቀ ሌጦ ገዢ ፊት ቢቀርብ ከበር ይመለሳል።

ነገሩን ያሰብኩት ሀረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ስገባ ነው። ማንኛውም ቆዳ ፋብሪካ ሌጦ ሲረከብ ከሚሠራቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ይኸው ጸጉሩን ማስለቀቅ ነው። ለዚህም ኬሚካል ይገዛል፣ ውሃ ያፈሳል፣ ሠራተኛውን ለአደገኛ ጋዝ ያጋልጣል። ሆጤ ላይ የተጣለው ሌጦ ያለ ማንም እርዳታ በሦስት ቀን ጨርሶታል። ያደረጉትም በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ መሣሪያቸው ደግሞ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ነው። ሳይንሱ ፕሮቲዬዝ ይለዋል።

ታዲያ ፋብሪካው ለምን መርዝ ይገዛል? ይህን ጥያቄ ይዤ ብዙ ሰው አናግሬያለሁ፣ ብዙም አንብቤያለሁ። የገባኝ ነገር ቢኖር መቁረጥ ችግር ሆኖ እንደማያውቅ ነው። ችግሩ ማስቆም ነው። ይህ ከኮምቦልቻ ድራም (ሌጦ ከሚገባበት ትልቅ ተሽከርካሪ በርሜል) አልፎ በሆዳችን፣ በደማችንና በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይም ያው ሆኖ አገኘሁት።

ቆራጮቹ እነማን ናቸው

ፕሮቲን ማለት አሚኖ አሲድ የሚባሉ ዶቃዎች በአንድ ክር ላይ ተሰክተው፣ ከዚያም ክሩ ተጠቅልሎ ቅርጽ ይዞ የሚገኝ ነገር ነው። ጸጉር፣ ጡንቻ፣ ጥፍር፣ የእንቁላል ነጭ፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን፣ ሁሉም የዚሁ ዘር ናቸው። በዶቃዎቹ መካከል ያለው ማያያዣ ጠንካራ ነው። በተራ ውሃ ውስጥ፣ በተራ የክፍል ሙቀት፣ ማንም ሳይነካው ቢተው በራሱ እስኪበጠስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ኢንዛይሙ ግን ይህን ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጠዋል፤ ቆርጦም ራሱ ሳያልቅ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ቆራጮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ ያገኘውን የሚከትፍ ነው። አንዳንዱ ክሩን እያነበበ ሄዶ የተወሰኑ ዶቃዎች ተከታትለው የተሰኩበትን አንድ ቦታ ብቻ ቆርጦ ይተዋል። ትሪፕሲን የሚባለው የአንጀት ኢንዛይም ለምሳሌ ላይሲን ወይም አርጂኒን የተባለው ዶቃ ካለፈ በኋላ ነው የሚቆርጠው። የሰው ልጅ ሰውነት ከ500 በላይ እንዲህ ያሉ ኢንዛይሞችን የሚሠራበት መመሪያ በዘረመሉ ይዟል። የመጀመሪያው በስም የታወቀው የጨጓራው ፔፕሲን ነው፤ ጀርመናዊው ቴዎዶር ሽቫን በ1836 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስም ሰጠው። ትሪፕሲንን ደግሞ ቪልሄልም ኩኔ በ1876 ሰየመው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙዎቻችን ኢንዛይም ሲባል ምግብ መፍጨት ብቻ ይመጣብናል። መፍጨቱ ግን ትንሹ ሥራ ነው። ደም ሲረጋ፣ የረጋው ሲሟሟ፣ የደም ግፊት ሲወጣና ሲወርድ፣ ቁስል ሲሽር፣ ያረጀ ፕሮቲን ሲወገድ፣ ሁሉም ውስጥ አንድ ቆራጭ አለ። በእነዚህ ሥራዎች ላይ መቁረጥ ማለት ማጥፋት ሳይሆን ትእዛዝ መስጠት ነው፤ አንዱ ክር ሲቆረጥ የተኛ ሌላ ኢንዛይም ይነቃል።

ድራሙ ውስጥ

ወደ ሌጦው ልመለስ። በጉ እንደተገፈፈ በሰዓታት ውስጥ ሌጦው ጨው ይነሰነስበታል። ጨው ውሃውን ስለሚመጠው ባክቴሪያው ይደክማል፣ ቆራጩም ይቆማል። አጎቴ ጨው ሲነሰንስ አይቼዋለሁ፤ እንደ ጤፍ ዘሪ እጁን ዘርግቶ ይበትናል፣ ከዚያ አንገቱና ብብቱ አካባቢ ተመልሶ በመዳፉ ያሻል። "መጀመሪያ የሚለቀው እዚህ ጋ ነው፤ ስብና እጥፋት ባለበት" ይላል።

ፋብሪካ ሲደርስ ጨው በውሃ ይታጠባል። ያ ጨው የት ይሄዳል ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ወደ ወንዝ ነው። ቀጥሎ ሌጦው ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ ውስጥ ይገባል። ሰልፋይዱ በጸጉር ፕሮቲን ውስጥ ያለውን የድኝ ማያያዣ ይበጥሳል፤ ጸጉሩ ሟሙቶ ገንፎ ይሆናል። ውሃው የሟሟ ጸጉር፣ ኖራና ሰልፋይድ ተሸክሞ ይወጣል። ከቆዳ ፋብሪካ ከሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው የበሰበሰና ኦክስጅን የሚበላ ነገር የሚመጣው ቆዳው ገና መልፋት ሳይጀምር፣ ከእነዚህ የመጀመሪያ ደረጃዎች ነው።

አደጋው በዚህ አያበቃም። ይህ ውሃ ከሌላ ደረጃ ከሚወጣ አሲድ ያለበት ውሃ ጋር ከተገናኘ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ጥቂቱ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ግን የማሽተት ነርቭን ያደነዝዛል፤ ሰውየው ሽታው የጠፋ መስሎት "እሰይ፣ ቀለለ" ብሎ በደንብ ይተነፍሳል። በዓለም ዙሪያ በቆዳ ፋብሪካ ጉድጓድ ውስጥ ሠራተኛ ወድቆ፣ ሊያወጣው የገባውም አብሮት የቀረባቸው አደጋዎች ብዙ ናቸው።

ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ተነስቶ ኮምቦልቻን አቋርጦ ወደ ከሚሴ ይወርዳል፣ በመጨረሻም ከአዋሽ ይገናኛል። በመንገዱ ላይ ከብት ይጠጣዋል፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማበታል። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራ፣ የሥጋ፣ የቆዳና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ከተማ ናት፤ ተመራማሪዎችም ወደ ቦርከና በሚገቡት ለዮሌና ወርቃ ወንዞች ላይ ከባድ ብረቶችን ሲለኩ ቆይተዋል። ስለዚህ ነገሩን ሁሉ በአንድ ፋብሪካ ወይም በአንድ ኬሚካል ማላከክ ልክ አይመስለኝም። ይሁንና ከቆዳ በኩል ሊቀነስ የሚችለው ትልቁ ድርሻ ይህ የጸጉር ማስለቀቂያ ደረጃ ነው።

የውሻ እዳሪና የጀርመኑ ኬሚስት

ኢንዛይም ወደ ቆዳ ፋብሪካ ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ለሌላ ደረጃ ግን ነው። ሌጦው ከኖራ ሲወጣ አብጦና ጠጥሮ ነው የሚወጣው፤ ለጓንት የሚሆን ለስላሳ ቆዳ እንዲሆን በቃጫዎቹ መካከል የቀሩት ትናንሽ ፕሮቲኖች መወገድ አለባቸው። የአውሮፓ ቆዳ አልፊዎች ለዘመናት ይህን የሚያደርጉት ሌጦውን የውሻ እዳሪ ወይም የርግብ ኩስ በተበጠበጠበት ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ በመዘፍዘፍ ነበር። ዘመናዊ ሥልጣኔ የምንለውን ስናወራ ይህችን ባንረሳት ደስ ይለኛል፤ የለንደን ጨዋዎች ጓንት በዚህ መንገድ ነው የለሰለሰው።

ኦቶ ሮም የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በ1907 እና 1908 አካባቢ ምክንያቱን ደረሰበት። እዳሪው ውስጥ የሚሠራው ከእንስሳው ሆድ የመጣው የምግብ መፍጫ ኢንዛይም ነው። ስለዚህ ከቄራ ቆሽት ሰብስቦ፣ ኢንዛይሙን አውጥቶ "ኦሮፖን" በሚል ስም ለቆዳ ፋብሪካዎች ሸጠ። በ1913 ደግሞ ይኸው ኢንዛይም የልብስ እድፍ እንዲያስለቅቅ "ቡርኑስ" የሚል የልብስ ማጠቢያ አወጣ። የደም፣ የወተትና የእንቁላል እድፍ ፕሮቲን ስለሆነ ሐሳቡ ልክ ነበር፤ ኢንዛይሙ ግን የሳሙናውን ኃይለኝነት መቋቋም አቃተው። ገበያው በደንብ የተከፈተው በ1960ዎቹ ከባክቴሪያ የተገኘ፣ ሳሙና የማይበግረው ኢንዛይም ሲመጣ ነው። ያኔ ደግሞ የሳሙና ፋብሪካ ሠራተኞች የኢንዛይሙን ብናኝ እየሳቡ አስም ያዛቸው፤ መፍትሔው ዱቄቱን በሽፋን እየጠቀለሉ ፍሬ ማድረግ ሆነ። ቆራጭን ከነእልሁ መልቀቅ ምን እንደሚያመጣ የመጀመሪያው ትምህርት ያ ይመስለኛል።

ጸጉር ለማስለቀቅም ተመሳሳይ መንገድ አለ። ትክክለኛው ኢንዛይም ጸጉሩን አያሟሟም፤ የጸጉሩን ሥር ከቆዳው ጋር የያዙትን ፕሮቲኖች ብቻ ይቆርጣል። ጸጉሩ ሳይሰባበር ሙሉውን ይወጣል፣ በወንፊት ይያዛል፣ ለሌላ ሥራ ይውላል፤ ውሃውም ያን ያህል አይከብድም። ሆጤ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው።

እዚህም አገር የተሠራ ሥራ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ አማረ ገሠሠ ከባልደረቦቻቸው ጋር ኃይለኛ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) በሆነ አካባቢ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን በዶሮ ላባ ላይ አሳድገው ፕሮቲዬዝ ማግኘታቸውን በ2003 አሳትመዋል። እንዲህ ያሉ ባክቴሪያዎች ኖራ የማይበግረው ኢንዛይም ስለሚሠሩ ለቆዳ ሥራ የሚፈለጉ ናቸው። እነ አቢጃታን የመሰሉ የሶዳ ሐይቆች ያሏት አገር ለዚህ ዓይነቱ ፍለጋ የታደለች ናት። ላባው ራሱ ደግሞ ከዶሮ እርባታ የሚጣል ነው።

ታዲያ ለምን አልሆነም? አጎቴን ስጠይቀው ሳቀ።

"ኢንዛይም ጸጉሩ ጋ ሲደርስ የሚያቆም ይመስልሃል? ወላሂ እሱ የጌታውን ቃል አይሰማም።"

ልክ ነው። ቆዳ ራሱ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። ኢንዛይሙ ውስጥ ኮላጅን የሚነካ ጥቂት ነገር ካለበት፣ ወይም ሙቀቱ ከፍ፣ ሰዓቱ ዘለግ ካለ የቆዳው ገጽ ይላላል፣ ይሸበሸባል፣ ይበሳሳል። ሰልፋይድ ጨካኝ ቢሆንም ጸባዩ የታወቀ ነው፤ መብራት ቢጠፋ፣ ውሃው ቢቀዘቅዝ፣ ፈረቃ የሚቀይረው ሰው አርፍዶ ቢመጣ ይታገሣል። ኢንዛይም ሙቀቱ በዲግሪ፣ የአሲዱ መጠን በነጥብ፣ ሰዓቱ በደቂቃ እንዲያዝለት ይፈልጋል። ከውጭ ሲገባ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው፤ በሙቀት ከተከማቸም ኃይሉን እያጣ ይሄዳል። በባቲ ፍየል የሚታወቅ አካባቢ፣ ስስና ጥሩ ገጽ ያለው ሌጦ የሚመጣበት አገር ላይ አንድ ድራም ሙሉ ማበላሸት ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ስለዚህ "ኢንዛይም እያለ ለምን መርዝ?" ብሎ ፋብሪካን መውቀስ የዋህነት ይመስለኛል። በሌላ በኩል "አይሠራም" ማለትም ስንፍና ነው። ብዙ ቦታ የሚሞከረው መካከለኛው መንገድ፣ ጥቂት ኢንዛይም ጨምሮ ሰልፋይዱን መቀነስ፣ ለእኛ አቅም የሚቀርብ ነው። ማንም ሊያታልለን የማይገባ ነገር ግን አለ፦ ኢንዛይም የክሮምን ጉዳይ አይነካም። ቆዳው በኋላ የሚለፋው ክሮም በሚባል ብረት ጨው ነው፤ በተለመደው አሠራር ከገባው ክሮም ሲሶው ገደማ ሳይያዝ ከውሃው ጋር ይወጣል። "በኢንዛይም የተሠራ አረንጓዴ ቆዳ" የሚል ማስታወቂያ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ክሮሙስ የት ሄደ ብዬ ነው።

ቆሽት ሲያር

አማርኛ ሰው ሲናደድ "ቆሽቴ አረረ" ይላል። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ሐኪም ቢሆን ግን አይገርመኝም። ምክንያቱም ቆሽት በእውነት ያርራል።

ቆሽት በየቀኑ ፕሮቲን ቆራጮችን ይሠራል፤ እሱ ራሱ ግን የፕሮቲን ሥጋ ነው። የማይበላበት ምክንያት ትሪፕሲንን አፉን አስሮ ስለሚልከው ነው። አፉ የታሰረው ትሪፕሲን አንጀት ሲደርስ ከአንጀቱ ግድግዳ ያለ ሌላ ኢንዛይም ማሰሪያውን ይቆርጥለታል፤ እሱም ነቅቶ የቀሩትን ያነቃል። በተጨማሪ ቆሽቱ በስህተት የነቃ ቢኖር የሚያንቅ መከላከያ አብሮ ያመርታል። ይህ ሁሉ ጥበቃ አንዳንዴ ይፈርሳል። የሐሞት ጠጠር ቱቦውን ሲዘጋ፣ አልኮል ሲበዛ፣ እንደኛ ባለ አገር ደግሞ አልፎ አልፎ ወስፋት ቱቦው ውስጥ ሲገባ ኢንዛይሞቹ እዚያው ይነቃሉ። ሐንስ ኪያሪ የተባለ ሐኪም በ1896 ይህን በሽታ "ቆሽት ራሱን ሲፈጭ" ብሎ ገለጸው። ወደ ጀርባ የሚወጋ፣ ሰውን አጎንብሶ የሚያስቀምጥ ሕመም ነው፤ ሆድ ቁርጠት ነው ተብሎ በዳማከሴ የሚታለፍ አይደለም።

እዚህ ላይ በጣም የምወዳት ግኝት አለች። በ1996 ተመራማሪዎች የቆሽት ሕመም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍባቸውን ቤተሰቦች መረመሩ። ትሪፕሲን በራሱ ክር ላይ "እዚህ ጋ ቁረጠኝ" የሚል ቦታ አለው፤ ከቦታው ውጭ ከነቃ ሌላ ትሪፕሲን እዚያ ላይ ቆርጦ ያከሽፈዋል። በእነዚህ ቤተሰቦች ውስጥ ያች አንዲት ዶቃ ተቀይራለች። አርጂኒን መሆን ሲገባት ሂስቲዲን ሆናለች። ማጥፊያዋ የጠፋባት አንዲት ኢንዛይም ትውልድ ስታሳምም ኖረች።

ወስፋትን ካነሳሁ አይቀር፣ ትሉ ራሱ ፕሮቲን ሆኖ ሳለ አንጀት ውስጥ እንዴት ሳይፈጭ ይኖራል? የእኛን ትሪፕሲን የሚያስር ነገር ስለሚያመርት ነው። ጥራጥሬዎችም ተመሳሳይ ዘዴ አላቸው፤ ጥሬ ባቄላና አኩሪ አተር ውስጥ ትሪፕሲንን የሚያግድ ፕሮቲን አለ፣ ሙቀት ሲነካው ይሰበራል። እናቶቻችን ሽሮውን ቆልተው የሚያስፈጩት ለጣዕሙ ብቻ ነው ብዬ አስብ ነበር።

በአካባቢያችን ካሉት ትሎች ውስጥ የቢልሃርዚያውም ቆራጭ አለው። በሐይቅና በከሚሴ አካባቢ ይህ በሽታ አዲስ አይደለም። ውሃ ውስጥ ያለው ደቃቅ እጭ የልጁን ቆዳ የሚበሳው በጥርስ ሳይሆን በሚተፋው ፕሮቲዬዝ ነው፤ ለዚህም ደቂቃዎች ይበቁታል።

ሃያ ደቂቃ በብርጭቆ

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲና ወደ አፋር ቆላ ሲወረድ ሰው የሚፈራው እባብ አለ። ከእፉኝት ወገን አንዳንዱ ሲቆጣ ቅርፊቱን እያፋተገ መጋዝ የሚመስል ድምፅ ያሰማል። የዚህ እባብ መርዝ ውስጥ ፕሮቲን ቆራጭ አለ፤ የሚቆርጠውም የደም ማርጊያውን ሰንሰለት ነው።

ደም እንዲረጋ ትሮምቢን የሚባል ቆራጭ ፋይብሪኖጅን የሚባለውን ፕሮቲን ጫፉን ቆርጦ ወደ መረብ ይለውጠዋል። ጤነኛ ሰው ላይ ይህ የሚሆነው ቁስሉ ባለበት ብቻ ነው። መርዙ ግን ትሮምቢንን በመላ ሰውነት ያነቃዋል። ፋይብሪኖጅኑ በየቦታው ባክኖ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ደሙ አይረጋም፣ ከድድ፣ ከቁስል፣ ከውስጥም ይፈሳል።

ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ ያስደንቃል። አዲስ፣ ንጹሕና ደረቅ የመስታወት ብልቃጥ ብቻ ነው። ከታካሚው ጥቂት ሚሊ ሊትር ደም ይቀዳበታል፣ ማንም ሳይነካው 20 ደቂቃ ይቆማል፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ዘንበል ይደረጋል። እንደ እርጎ ረግቶ ከቆየ የደሙ መርጋት ለጊዜው አልተነካም። እንደ ውሃ ከፈሰሰ መርዙ ደሙን ነክቶታል፤ ፀረ መርዝ ያስፈልጋል። ብልቃጡ ፕላስቲክ ከሆነ ምርመራው ዋጋ የለውም፣ ደም በፕላስቲክ ላይ እንደ መስታወት ቶሎ አይረጋምና። መብራት የሌለው ጤና ኬላ ውስጥ እንኳ የሚሠራ ነገር ነው።

ተቃራኒው ችግርም በቆራጭ ይታከማል። በልብ ወይም በአንጎል የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሲዘጋ ሰውነት ፕላስሚን የሚባል ኢንዛይም አለው፤ መረቡን ይበጣጥሳል። አልቴፕላዝ የተባለው መድኃኒት ይህን የሚያነቃ ነው፤ የልብ የደም ሥር በድንገት ሲዘጋ ለሚመጣው ሕመም በ1987፣ ለስትሮክ በ1996 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ለስትሮክ የሚሰጠው ምልክቱ ከታየ በ4 ሰዓት ከግማሽ ውስጥ ነው፤ ያውም አንጎል ውስጥ ደም አለመፍሰሱ በሲቲ ስካን ከታየ በኋላ። መረጋቱ የማያስፈልግበትን ቦታ ብቻ ለይቶ አይቆርጥምና። ስትሮክ የመታው ሰው "ነገ ይሻለዋል" ተብሎ ቤት ሲያድር የሚቃጠለው ይህ ሰዓት ነው።

የአክስቴ ሳል

አክስቴ ደሴ ነው የምትኖረው። ከዓመት በፊት ግፊት ተገኘባትና ኢናላፕሪል ተጀመረላት። ግፊቱ ወረደ፣ ሳል ግን ያዛት። አክታ የሌለው፣ ማታ ማታ ጉሮሮዋን የሚከረክር ሳል። የደሴ ብርድ ነው ተባለ፤ እውነትም የጦሳ ነፋስ የማያስለው የለም። ከአንድ ጤና ተቋም የሳል ሽሮፕ፣ ቀጥሎ አንቲባዮቲክ ተሰጣት። ጎረቤት ዝንጅብልና ማር አዘዘ። ሦስት ወር ሙሉ አንድም ሰው "ምን ክኒን ነው የምትወስጂው?" ብሎ አልጠየቃትም።

የኢናላፕሪል ታሪክ ከብራዚል ይጀምራል። ሰርዢዮ ፌሬራ በ1965 የአንድ የብራዚል እፉኝት መርዝ ብራዲካይኒን የሚባለውን የደም ሥር የሚያሰፋ ንጥረ ነገር ሲያበረታ አገኘ። ምክንያቱም መርዙ ብራዲካይኒንን የሚቆርጠውን ኢንዛይም ያስር ነበር። ይኸው ኢንዛይም ደግሞ ሌላ ሥራ አለው፤ አሥር ዶቃ ካለው አንጂዮቴንሲን ላይ ሁለቱን ቆርጦ በስምንት ዶቃ ያስቀረዋል፣ ያ ባለ ስምንቱ የደም ሥርን አጥብቦ ግፊትን ያወጣል። ስክዊብ በሚባል የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠሩት ኩሽማንና ኦንዴቲ ከመርዙ ተነስተው ካፕቶፕሪልን ሠሩ፤ በ1981 ተፈቀደ። ኢናላፕሪል ታናሽ ወንድሙ ነው።

አሁን ሳሉ ግልጽ ነው። ኢንዛይሙ ሲታሰር ሁለቱም ሥራው ይቆማል። ግፊት የሚያወጣው አይሠራም፣ ጥሩ። ብራዲካይኒኑን የሚቆርጠውም የለም፤ እሱ በሳንባ አካባቢ ተጠራቅሞ ያሳክካል። ቁጥሩ ከጥናት ጥናት ቢለያይም ከአሥር ወሳጅ አንዱ ገደማ እንዲህ ይስላል። አክስቴ በመጨረሻ ያገኘችው ሐኪም ክኒኑን ወደ ሎሳርታን ቀየረላት፤ ሎሳርታን ኢንዛይሙን አይነካም፣ የአንጂዮቴንሲኑን መቀበያ በር ነው የሚዘጋው። በሦስተኛው ሳምንት ሳሉ ጠፋ። በራሷ ክኒኑን አቁማው ቢሆን ኖሮ ግፊቱ ሌላ ነገር ያመጣ ነበርና፣ እንዲህ የሚያስላችሁ ካላችሁ የሚቀይረው ሐኪም ይሁን። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ድንገተኛ ክፍል ነው። ነፍሰ ጡር ደግሞ ኢናላፕሪልንም ሎሳርታንንም አትወስድም፤ ፅንሱን ይጎዳል።

ኤችአይቪ ላይ የተሠራውም ያው ማሰር ነው። ቫይረሱ ፕሮቲኖቹን በአንድ ረጅም ክር ያመርትና በራሱ ፕሮቲዬዝ እየቆረጠ ይለያያቸዋል፤ ቆራጩ ከታሰረ የሚወጣው ቫይረስ ያልበሰለ፣ መተላለፍ የማይችል ይሆናል። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ መድኃኒት በ1995 መጨረሻ ተፈቀደ። ኢትዮጵያ ውስጥ የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። አሁን በቅድሚያ የሚሰጠው ዶሉተግራቪር ሌላ ኢንዛይም ነው የሚያግደው፤ ፕሮቲዬዝ የሚያስሩት እነ አታዛናቪር በሁለተኛ መስመር ተሰልፈው ይጠብቃሉ። በ2021 መጨረሻ ለኮቪድ የመጣው ክኒንም የቫይረሱን ፕሮቲዬዝ የሚያስር ነው።

ስለ ኢንዛይም ሳወራ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሸጠውን "ሰውነት የሚያጸዳ ኢንዛይም" የሚጠይቀኝ አይጠፋም። ኢንዛይም ራሱ ፕሮቲን ነው፤ ሲዋጥ አብዛኛውን ጊዜ ጨጓራ ውስጥ እንደ ማንኛውም ሥጋ ይፈጫል። ቆሽታቸው ለደከመ ሰዎች የሚሰጠው እውነተኛው የኢንዛይም ካፕሱል በአሲድ የማይሟሟ ሽፋን የሚደረግለት ለዚህ ነው። "ሰውነት ያጸዳል" ተብሎ የሚሸጠው ግን ብር መጣል ነው።

ባለፈው ሳምንት አጎቴ ጋ ቁጭ ብለን የማለስለሻውን ደረጃ አሳየኝ፤ ድራም አልነበረም፣ ባልዲ ውስጥ አንዲት የፍየል ሌጦ ብቻ። ከኖራ የወጣው ሌጦ እንደ ጎማ ይነጥራል። ኢንዛይሙን ለብ ባለ ውሃ ፈትቶ ጨመረበትና በእንጨት ያማስለው ጀመር። በየጥቂት ደቂቃው ያወጣና ወፍራሙን ቦታ፣ አንገቱ አካባቢ፣ በአውራ ጣቱ ይጫነዋል። መጀመሪያ ጣቱን ሲያነሳ ቆዳው ብድግ ይላል። ሌላ ጊዜም ብድግ አለ። ከዚያ አንድ ጊዜ ጣቱን አነሳና አሻራው እዚያው ቀረ፤ መስመሩ ሳይቀር ይታያል።

"አሁን!" ብሎ ባልዲውን ደፋው።

"ሩብ ሰዓት ብታቆየውስ?" አልኩት።

ሌጦውን በቀዝቃዛ ውሃ እያለቀለቀ ነበር፤ ቀና ሳይል "አንገቱ ይደርሳል፣ ሆዱ ይበሳል" አለኝ።